ገልብጦ ማየት

ሃያ አራት ቦርሳ በመኪናዬ ጭኜ፣
በነጋዴ ፈገግታ ልቤን ሸፍኜ፣
ከትብሊሲ ወጣሁ እስከ ሜስቲያ፣
አሥር ሰዓት ሙሉ፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ።
ባለ ሁለት ቀንዱ ኡሽባ ሲታየኝ
«ደንበኛ አላጣም» አልኩ፣ ደስ እያለኝ።

ካታሎጌ ላይ፣ በወፍራም ፊደል፣
«ወታደር የሚይዘው፣ የማይበገር» ይላል።
ጨርቁ ሺህ ዴኒየር፣ ዚፑ ዝናብ የማያስነካ፣
ኪስ በኪስ ላይ፣ ብዛቱ የማይለካ።

የነፍስ አድን ቡድኑ ዕቃ ቤት ከድልድዩ ማዶ፤
በሩ ላይ ይቀልጣል የማለዳ በረዶ።
ናዚብሮላ አለች፣ መነጽሯን በክር ያሰረች፣
ሠላሳ ክረምት በዚህ ሙያ ጥርሷን የነቀለች።
ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንዱን ቦርሳ ነጠቀችኝ፤
ካታሎጌን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገችልኝ።

እኔ ኪሱን ልቆጥር፣ ቀለሙን ላወድስ አፌን ስከፍት፣
እሷ እንደ በግ ጨጓራ ገለበጠችው በቅጽበት።
«ከላይ ማንም ይዋሻል» አለች፣ «ከውስጥ ግን ክር አይዋሽም።
ይህ ስፌት ዳር ዳር ይላል፤ የልቡን አይናገርም።»
ጥፍሯን አሳረፈች፤ በጥፍሯ ልክ ቆጠረች፦
«ስድስት። ዘጠኝ መሆን ነበረበት» ብላ ዝም አለች።
ቀጥላ ማንጠልጠያው ከትከሻ የሚጋጠምበትን
ድርብ ስፌት ፈለገች፤ አጣችው፤ አየችኝ ዓይን ዓይኔን።
«እዚህ ጋ ነው ሸክም የሚያርፍ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚወድቅ።
ፋብሪካህ ክሩን ያባከነው በዓርማው ላይ ነው፣ ለመድመቅ።»

ዘለበቱን ከጆሮዋ አስጠግታ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች፤
«ድምፁ ቀጭን ነው፤ ፕላስቲኩ ብርድ ይፈራል» አለች።
አርባ ኪሎ ድንች ሞልታ አንዱን ከጣሪያው አግዳሚ ሰቀለችው፤
ገፋችው። ዞረ። ተንጫጫ። እንደገና ገፋችው።
ሌላውን በባልዲ ነክራ ውጭ ለውርጭ ሰጠችው።
«ነገ ና» አለችኝ።

አደርኩ። እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም፤ የቆጠርኩት ገንዘብ ነበር፣
ሃያ አራት በትርፍ ሲባዛ፣ በሰው ጣሪያ ሥር።

ሲነጋ የተሰቀለው ሁለት ጣት ያህል ረዝሞ አደረ፤
ከትከሻው በኩል ነጭ ክር እንደ ሽበት ብቅ ብሎ ነበረ።
ዛውር መጣ፤ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት ብቻ የቀረው፣
ጓንት አድርጎ የበረደውን ዚፕ ሞከረ፣ ሞከረው።
ዚፑ እንደ ቂመኛ ሰው ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ።
«በአሥር ጣትም አይከፈት!» ብሎ ሳቀ። የእሷ ፊት ግን ዐመድ መሰለ።

ያኔ ከግድግዳው አንድ አሮጌ ዚፕ አየሁ፣ በምስማር ተሰቅሎ፤
ሥሩ ወረቀት፣ የእሷ ፊርማ፣ «ጥሩ ነው፣ ያልፋል» ብሎ።
የጓንት ቦርሳ ነበር፤ በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ከፍታ፣
አልከፈት ብሎ ሦስት ጣት የወሰደ፣ በዝምታ።
ማንም አልከሰሳትም። ዛውር በየማለዳው ይመጣል፣
ሻይዋን ይጠጣል፣ ድንቿን ይሸከማል፣ በጣቱ ይቀልዳል።
እሷ ወረቀቱን አላወረደችም።

እኔ ምን ልበል? «ዋጋ እቀንሳለሁ» የሚለው ከአፌ ደርሶ
ተመለሰ፤ ምላሴም እንደ ዚፑ በረዶ ለብሶ።

ከሃያ አራቱ አንድ መረጠች፤ ቀለሙ የተዛነፈው፣
በስህተት ከጭነቱ የገባ፣ ዓርማ እንኳ የሌለው።
«የሰፋችውን ባውቃት» አለች፣ «አይብ እልክላት ነበር፤
ለማታውቀው ጀርባ የሚጨነቅ እጅ ነው፣ የሚቸገር።»
ሳትከራከር ከፈለችኝ የአንዱን ሙሉ ዋጋ፤
ሃያ ሦስቱን ጭኜ ቁልቁል ወረድኩ፣ ልቤ ሳይረጋ።

ዙግዲዲ ሳልደርስ መኪናዬን ከመንገዱ ዳር አቆምኩት፤
ኮቴን አወለቅኩና በብርሃኑ ገለበጥኩት።
ብብቱ ሥር፣ ገበሩ በተላቀቀበት ቦታ፣
የማላስታውሰው እጅ ሰፍቶታል፣ በሰማያዊ ክር፣ በእርጋታ።
በጥፍሬ ልክ ቆጠርኩ።
ዘጠኝ።
ተሳስቼ እንዳይሆን እንደገና ቆጠርኩ።