ከቀኝ ነው

ዓርብ ረፋድ፣ ሐወሊ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣
ኤሲው ባልዲ ውስጥ ጠብ ሲል፣ ጠብ ሲል፣ ሳያልቅ፣
አሥራ አንድ ልጆች እርሳስ ያኝካሉ፤
«ቲቸር፣ ምን እንጻፍ?» ይላሉ።

«ዕቃ ሁኑ» አልኩ። «አፍ ያልተፈጠረለት
አንድ ነገር ምረጡ፤ አፋችሁን አውሱት፤
‹እኔ› ብላችሁ ጀምሩለት።»

ያፌት የታክሲ ጎማ ሆኖ፣ ተማርሮ፣
«ፈጀኝ አስፋልቱ!» አለ ተንጨርጭሮ።
ሲፈን የማቀዝቀዣ መብራት፤
«በሩ ሲዘጋ መጥፋቴን ማን አየ?» ብላ የምትሟገት።
ረምላ ግን በክንዷ ጋርዳ ደብተሯን
በላጲስ አሳሳችው ወረቀቱን።

ለንባብ ስንለዋወጥ የሷ ለያፌት ደረሰው፤
«እናት የረምላን ነኝ ሊፍት...»
ከግራ ጀምሮ ግራ ገባው።
ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ከቀኝ ነው» አለች ረምላ ጣቷን ሰዳ፤
እጇ ዐረብኛ የለመደ ነው፣ ፊደላችንን ወደ ግራ የሚነዳ።
ያፌት ጉሮሮውን ጠርጎ እንደገና፦

«እኔ ሊፍት ነኝ። የረምላን እናት
ጠዋት ወደ ሰባተኛ ፎቅ ሳወጣት
በመስታወቴ ፈገግታዋን ታስተካክላለች።
ማታ ሳወርዳት
ጀርባዋን ትሰጠኛለች።»

ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ማንም አልተነሣ።
እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ከደንኩ፤
«መስታወት»ን በንጉሡ «ሠ» ጽፋዋለች፤
ተውኩ።

ሲበተኑ፣ ሌላ ጊዜ ቁልፉን ሁሉ ተጭነው
ሊፍቱን የሚያስለቅሱት ልጆች፣ በሩ ላይ ቆመው፣
ተራ በተራ «ደህና ዋልክ?» አሉት።
ሲፈን ብቻ ደረጃውን መረጠች፤
«ዛሬ እንኳ ይረፍ፣ ዓርብ አይደል?» አለች።