ሦስት ነጥብ ሰባት

ሊዝበን፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ መስኮቱ አይከፈትም።
ግራሲንዳ ትደውላለች፤
ከአርባ ስልክ ሠላሳው «አቤት» አይላትም።
ካነሡት ግማሹ «ቸኩያለሁ» ብሎ፣
ግማሹ ሻጭ መስላው፣ ጆሮዋ ላይ ጥሎ
ይሄዳል።

እኔ ከጀርባዋ ቀመር እሰፋለሁ፤
ያልተገኘውን ሰው በተገኘው ላይ እለጥፋለሁ።
የከተማው ይቀነሳል፣ እሱ አልጠፋምና፤
የተራራው ይጨመራል፣ ስንቱ ተገኘና!

አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ከሰሜን፣ ከስፔን ድንበር፣
ሴኞር ሌዮኔል አነሣ፤ ጉሮሮው ሻካራ ነበር።
«የማን ልጅ ነሽ?» አላት።
ስለ ካስታኛው ነገራት፣ ትል ስለበላው ፍሬ፦
«ከላይ ስታዪው ደህና ነው፣ ያብለጨልጫል ቅርፊቱ፤
ውኃ ነው የሚያጋልጠው፤ ይንሳፈፋል ከንቱ።
እናንተስ በምን ውኃ ነው የሰው ሆድ የምትለዩት?»
ቅጿ ላይ ለዚህ ሣጥን የለም።
ሳቀች።

የስምንት ደቂቃው ጥያቄ ሃያ ሁለት ፈጀ።
«ነገ ምርጫ ቢሆን፣ ለማን ነው ድምፅዎ?» ስትለው
ዝም አለ። ቀረጻው አራት ሰከንድ ዝምታ አለው።
ቀጥሎ «ለነዚሁ ላሉት» አለ፣ ለስለስ አድርጎ ቃሉን፤
እሷ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ እኔ ተቀበልኩ ቁጥሩን።
ወንድ። ከሰባ በላይ። ትምህርት፣ አራተኛ ክፍል።
ክብደት፦ ሦስት ነጥብ ሰባት።
አንዱ ሽማግሌ፣ አራት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጎረቤት ሊቆም ተመደበ፤
አራቱ ሰከንድ ግን ደጅ ቀረ፣ አልተመዘገበ።

በአንድ ሌሊት ሃያ ሺህ ምርጫ በማሽን አካሄድኩ፤
ሃያ ሺህ መንግሥት አቁሜ፣ አፍርሼ፣ ጧት ቤቴ ሄድኩ።
ከመቶው በሰባ አንዱ ያሉት አሸነፉ፤
ጋዜጦች «አለቀ!» አሉ፤ ሃያ ዘጠኙን እንደ ፍርፋሪ ከገበታው ደፉ።
«ሠላሳ በመቶ ይዘንባል» ሲሉት ጃንጥላ የሚያነሣ፣
ያው ጎረቤቴ፣ የእኔን ሃያ ዘጠኝ ከበር ሳይወጣ ረሳ።

እሑድ ዘነበ።
በሁለቱም በኩል።

ስልኬ ሲጮህ አደረ። «ዋሸኸን» አሉኝ።
«ሃያ ዘጠኝ እኮ ዜሮ አይደለም» ብል፣
እውነት ነው፤ እውነትም ግን አንዳንዴ ማምለጫ ይመስል።

ሰኞ ብቻዬን የሌዮኔልን ቀረጻ ከፈትኩ።
ከመልሱ በኋላ፣
እሷ «አመሰግናለሁ» ካለች በኋላ፣
ስልኩ ሊዘጋ ሲል፣ ቁጥር ሆኖ ያልገባ ነገር ሰማሁ፦
«ልጄ፣ እንዲህ ብል ይሻልሻል አይደል?
የመንግሥት ሠራተኛ መሰልሽኝ፤
ደሞዝሽ በእኔ እንዳይጎድል።»

ድምፁን ሃያ ሁለት ደቂቃ ሰማን፤
ድምፁን ግን አልሰማንም።
ሦስት ነጥብ ሰባት ጊዜ አልሰማንም።

ከሪፖርቱ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ እንደ ልማዱ፦
«የስህተት ኅዳግ፣ ሲደመር ሲቀነስ ሦስት» ይላል አንዱ።
ኅዳግ ዳር ነው።
እሱም እዚያው ዳር፣ ከድንበሩ ጥግ፣
ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚንሳፈፈውን ይለቅማል፤
ማን እንደ ረታ በሬዲዮ ሰምቷል፣
ማን እንደ ተሳሳተ አልሰማም፤ ቢሰማም አይገርመው ይሆናል።

ለሚመጣው ቅጽ አንድ ሣጥን ጨመርኩ፦
«ዝምታ፣ በሰከንድ»።
ግራሲንዳ ብዕሯን ነክሳ አየችው።
«ይሄ ደግሞ በምን ይመዘናል?» አለችኝ።

በውኃ፣
ልላት ነበር።