ሁለት መቶ ወንበር

ቆጥሬ ነው ያወጣሁት፤ ሁለት መቶ ወንበር፣
ሠላሳው ሰማያዊ፣ የቀረው ነጭ ነበር።
እግረ ሰባሮቹን በሽቦ አስሬያቸው፣
ዕጩ እንዳይቀመጥ ከኋላ ደበቅኳቸው።

የዕድሩ ዕቃ ቤት ሹም ነኝ፣ አሥር ዓመቴ፤
ድንኳን ስተክል ዓይታ ከላይ ጎረቤቴ
«ማን ሞተ?» አለችኝ፣ በበረንዳ ብቅ ብላ።
«ምርጫ ነው» ስላት ገባች፣ ጥቁር ነጠላዋን ጥላ።

ከቱሉ ዲምቱ አልፎ ነው፣ አስፋልት የሚያልቅበት፣
ረዳት «መጨረሻ!» ብሎ ሰው የሚያራግፍበት።
ሦስት ዕጩ መጡ በሦስት ምልክት፤
መሰላል፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ፣ ቲሸርታቸው ላይ የታተመበት።

የመሰላሉ ሰው፣ አቶ ልሳነወርቅ፦
«ከተማ እንደ ዛፍ ነው፣ ካላደገ ይደርቃል፤
አሥራ አምስት ፎቅ እዚህ ዘንድሮ ይጸድቃል።»
ከአምስተኛ ፎቅ ወርደው እትዬ ደብሪቱ
(ጀሪካን ነው የጨረሰው፣ አልቋል ጉልበቱ)
«ልጄ፣ ውሃው ሦስተኛው ላይ ደክሞት ይመለሳል፤
አሥራ አምስተኛው ጋ ማን አዝሎ ያደርሳል?»
ሰው ሳቀ። እሳቸው አጎንብሰው ጻፉ፣
ሲጽፉም ቆዩና ወረቀቱን አጠፉ።

ኢንጂነር ሐረገወይን፣ ባለ ቁልፏ፣ ተነሥተው
«እየቆጠበ ዕጣ የሚጠብቅ እጁን ያውጣ» ሲሉ
ወጣ የእኔም እጅ፤ ወጣ የሰው ሁሉ።
አሥራ ሦስት ዓመት ወፈረ የባንክ ደብተሬ፤
ኪራዩም ወፈረ፤ የከሳሁ እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ።
«ቁልፉ ቅርብ ነው» አሉ፣ ደግመው፣ ደጋግመው።
ኦቦ ረጋሳ ከበሩ፣ ከዱላቸው ጋር ቆመው፦
«ብሎክ ዘጠኝን ሌሊት ቆልፌ የማድር
እኔ ነኝ፤ እዚያው ላይ ነው ገብሴ የነበር።
ቁልፍማ በእጄ ነው፤ አላጣሁም እሱን፤
የምገባበትን ንገሩኝ፣ ቤቱን።»

ያኔ ማይኩ ብቻ ነው የጮኸ።

ቀጥሎ አባይነሽ፣ ከዱራሜ የመጣች፣
በአንድ ሰርቪስ ክፍል አራት ሆነው የሚያድሩት፣ ተነሣች።
«ቀበሌ ሄጄ ነበር፤ መሸኛ አምጪ አሉኝ፤
እኔን ማን ሸኘኝና? ችግር ነው የሸኘኝ።
ለዚህ ሁሉ ብሎክ ሲሚንቶ ተሸክሜያለሁ፤
ሰው ስትቆጥሩ አለሁበት ወይ ልል መጥቻለሁ።»
«መጤ በዛ» አለ አንዱ፣ ከመሐል፣ ፊቱን ሰውሮ።
ዞሬ ድንኳኑን ባይ፣ ከኦቦ ረጋሳ በቀር
አገሬው ማን ነበር?
እኔም ከቡልጋ ነኝ፤ የመጣሁትም በጭነት መኪና፣
ሽንብራ ጆንያ ላይ ተኝቼ።
ሦስቱ ዕጩዎች ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፦
«ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉና
የታሸገ ውሃ ጠጡ።

የጃንጥላው ወጣት፣ ናሆም፣ ተራው ደርሶት
«ሰማዩ ወሩን ረስቷል» ብሎ ሳይጨርስ፣
በግንቦት አጋማሽ በረዶ ወረደ፣ ድንኳኑን ሊያፈርስ።
ሰው ወንበሩን ገልብጦ ራሱ ላይ ደፋ፤
ሁለቱ ዕጩዎች ገቡ መኪናቸው፤ የቀረው ተገፋፋ።
ጃንጥላ የተባለው ጃንጥላ አልያዘ፤
ከአባይነሽ እግረ ሰባራ ወንበር ሥር ቆሞ ፈዘዘ።

«ከዚያ ልቀቁ!» አሉ ኦቦ ረጋሳ ጮኸው፤
«ያ ጅረት ነበር፣ በአፈር የሞላችሁት፣
ደፍናችሁ የረሳችሁት፤
ውሃ ግን አይረሳም የሄደበትን።»
መጣም። በቀኝ በኩል፣ ቡናማ ሆኖ፣
የዕጩዎቹን ጠርሙስ እያንሳፈፈ።

ማታ ጭቃውን እያጠብኩ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
ከጠረጴዛው ሥር የአቶ ልሳነወርቅን ወረቀት አገኘሁ።
ጥያቄ አልተጻፈበትም። ዛፍ ስለውበታል፣
ቅጠል በቅጠል።
እውነት ለመናገር እጃቸው ጥሩ ነው።

መዝገቡ ላይ ለሰብሳቢው እንዲህ አሰፈርኩ፦
«የወጣ ሁለት መቶ። የተመለሰ መቶ ዘጠና ሰባት።
ሦስት ወንበር ጎድሏል።
የወሰደው ለጊዜው አልታወቀም።»