ቀዩ ዓይን

በየሁለት ወሩ፣ ከፖስታው ሣጥን ሥር፣
የመብራት ወረቀት ይመጣል በቁጥር።
ፊደሉን ልጄ ታንብበው፣ ለሷ ነው የሚገባት፤
ቁጥሯን ግን እኔው ነኝ ከሩቅ የማውቃት።

ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሸቅል!
ሦስት ሰው ነን እኮ። ብረት አናቀልጥ፣
በምን ሆዳችን ነው ይህን ሁሉ እሳት የምንውጥ?

ኖጋ የባንኩን ገጽ ከፍታ አሳየችኝ፣
«ሚኑስ ስድስት ሺህ» ብላ በጣቷ ጠቆመችኝ።
በቂርያት ጋት ሚኑስ እንደ ጎረቤት ነው፣
ደረጃ ላይ ሲያገኙት ሰላም የሚሉት ነው።
በአባቴ ቤት ግን ዕዳ የያዘውን ሰው
በድምፁ ነበረ የምንለየው፤
ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው።

«እንቆቅልሽ!» አልኳት።
«ምን አውቅልሽ» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።
«ሳያርሱት የሚያፈራ፣ ሳያበሉት የሚሰባ፣
እኛ ስንተኛ የሚያድግ፣ በር ሳይከፍት የሚገባ?»
«ወለድ።»
አገር ስጪኝ ለማለት እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም።
ሳቅን፤ ሳቁም ብዙ አልቆየም።

በዚያው ሌሊት ተነሣሁ፣ ሌባ ልፈልግ በቤቴ፣
ባዶ እግሬን፣ በጨለማ፣ አንገቴ ላይ ነጠላዬ።
ፍሪጁን አዳመጥኩት፤ ያጉረመርማል፣ ንጹሕ ነው።
ቴሌቪዥኑን ነቀልኩት፤ እሱም ቢሆን ምስኪን ነው።
ከመታጠቢያው በር ጎን ግን፣
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
አንድ ቀይ ዓይን አፍጥጦ አገኘሁት።
ዱዱ በርቷል! ውኃ ይፈላል ለማንም፣
የሚታጠብ በሌለበት፣ የሚነቃ በሌለም።

አጠፋሁት። በማግስቱ ደግሞ በርቶ አደረ።
ኖጋ በእናቷ ማለች፤ እናቷ እኔ ነበርኩ ያለሁት፣ ነገሩ ከበደ።
ሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ አስረስ ከጥበቃ ገባ፣
ጫማውን ፈታ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ እንደ አሮጌ በር እያቃሰተ ተቀመጠ።
«እኔ ነኝ» አለ። «ማታ ስወጣ አበራዋለሁ።
መጋዘኑ ይበርዳል። ጉልበቴ ሙቅ ውኃ ካላገኘ…»
ድምፁ ዝቅ አለ።
ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣
የባለ ዕዳ ድምፅ ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሙቅ ውኃ ለባል አይከለከልም፤
ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ግን ለባዶ ቤት አይፈላም።

ከማጸዳበት የሠርግ አዳራሽ፣ ሙዚቃው ሲያበቃ፣
ከየጠረጴዛው ሥር ለቀምኩ የተጣለ ጠርሙስ።
አንዱ ሠላሳ አጎራ። አትናቁት።
መቶ ሃምሳ ጠርሙስ፣ አርባ አምስት ሸቅል፤
አርባ አምስት ሸቅል፣ አንድ የሰዓት ቁልፍ፣
ራሱ የሚያበራ፣ ራሱ የሚያጠፋ።

ኦታሪ፣ ከምድር ቤት፣ ጆርጂያዊው ኤሌክትሪሺያን፣
ገጠመልን። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አንድ ብልቃጥ አዋዜ ወሰደ፤
ከዚያ ሰገነቱ ላይ አወጣኝና በጣቱ መስተዋቱን ዳሰሰ።
ጣቱ ቡኒ ሆነ።
የኔጌቭ አቧራ፣ የርግብ ኩስ፣ የስንት ዓመት!
ፀሐይቱ በየቀኑ መጥታ
በር ተዘግቶባት ትመለስ ኖሯል።
ሙቁ እስኪመጣ ዝም ብሎ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውኃ
ለሳምንት በባልዲ ጠብቄ አጠራቀምኩ፤
በቀኝ እጄ ባልዲ፣ በግራዬ አሮጌ የኖጋ ካልሲ፣
የኛን አጠብኩ። የተረፈውን ውኃ አየሁና
የማርጋሪታንም አጠብኩ፤
ያለሷ ፈቃድ ነው፣ እስካሁን አልነገርኳትም።

አዲሱ ወረቀት መጣ፤ ስድስት መቶ አርባ።
ተአምር አይደለም። ሚኑሱ አሁንም አለ፣
እንደ ጎረቤት ደረጃ ላይ ይጠብቀኛል፤
እኔ ግን ዘንድሮ ቀድሜ ሰላም አልለውም።

ዛሬ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ፣
ቁልፉ «ቀጭ» ሲል ሰማሁ።
ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደግሞ፣ «ቀጭ»፤
ቀዩ ዓይን ማንም ሳይነካው ተከደነ።
በሩ ተከፈተ። ውኃው ወረደ። እንፋሎቱ ኮሪደሩን ሞላ።
ከዚያ አስረስ፣ ፎቁ ሁሉ እስኪነቃ ድረስ፣
በሙሉ ድምፁ ጮኸ፦
«ፎጣ!»