ቤት ያልመታ

በዌልስ ጠረፍ ላይ፣ ጨው በበላት ከተማ፣
በሙዚየሙ ሥር፣ በምድር ቤት ጨለማ፣
ግዌንሊያን ፕሮበርት አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
ስም ስትጽፍ ኖረች ለዛጎሎች ሁሉ።

«ትል ናት?» ይላል አንዱ፤ «ነፍሳት ናት?» ሌላው ልጅ፤
እሷም መነጽሯን አውልቃ በአንድ እጅ፦
«ነፍሳት ስድስት እግር፣ ሸረሪት ስምንት አላት፤
የዚችን ብትቆጥር አንድ ነው የደረሳት፤
እግሯም ሆዷ ራሱ፣ ሆዷም ራሱ እግሯ፤
ኦክቶፐስ ዘመዷ፣ ባሕር ጥንተ አገሯ።»

ከዚያ መሳቢያውን ትስባለች በዝግታ፤
መደብ፣ ክፍል፣ ወገን፣ ቤተሰብ በተርታ።
ሥጋው የት እንደ ሄደ ማን ነው የሚጠይቀው?
በቤቱ ነው ሊቁ ለይቶ ያወቀው።

ጥጉ ላይ ግን
የብልቃጥ መደርደሪያ አለ።
አልኮሉ ቢጫ ሆኗል፤
ውስጡ ዛጎል የሌላቸው ቀንድ አውጣዎች
ጥፍሩ እንደ ወለቀ ጣት ተጋድመዋል።

(እኔ በምጽፍበት ቋንቋ ስንኝ ቤት ይመታል።
እዚህ ጋ ስደርስ እምቢ አለኝ።
ለብልቃጦቹ ስል ተውኩት።)

ሰው ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፣
የአንድ አባት ልጆች ይመስሉታል።
አይደሉም።
አንዱ ከዚህ ቤት ወጣ፣ ሌላው ከዚያ፤
በየዘመናቸው፣ በየጫካቸው፣ ሳይተዋወቁ
ቤታቸውን እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ሄዱ።
ቤት ማጣት ዘር አይደለም፣ ትላለች ግዌንሊያን፤
የደረሰባቸው ነገር ነው።

መጋቢት ላይ ማዕበሉ
የራሷን ቤት መሠረት በላው።
ማዘጋጃ ቤቱ በሯ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፈ።
በወንድሟ ልጅ በአንሃራድ ጓዳ
ሁለት ሻንጣ ይዛ ገባች፤
ፎርሙ ላይ «አድራሻ» የሚለውን ዘለለችው።
ቁልፉን ማንም አልጠየቃትም።

አንድ ማታ አንሃራድ የጨው ጣሳ ይዛ ጓሮ ወረደች፤
ሰላጣዋን ወንፊት አድርገውባታል።
«ቆዪ» አለች አክስት፣ በካልሲ፣ ባትሪ ይዛ።
አንዱን ከቅጠሉ አንስታ መዳፏ ላይ አስተኛችው፤
ግራጫ፣ ነብር የመሰለ፣ ተኮማትሮ ድንጋይ ያከለ።

«ከአንገቱ ኋላ ካባ የመሰለች ቆዳ አለች፣ አየሻት?
እዚህ ሥር» አለች፣ ጣቷን ሳትጫን፣
«ስስ፣ ነጭ ነገር አለች፤ የሕፃን ጥፍር የምታህል።
ዛጎል ነበረች። አሁንም ናት።
ማንም አይገባባትም።
ግን አልጣላትም።»

«ሰላጣዬስ?»
«ሰላጣሽንማ ይበላል።»

እኛ «ቀንድ አውጣ» እንለዋለን፤
ስም ሳይሆን ትእዛዝ ይመስላል፣
ልጆች በዱላ እየነካኩ የሚጮሁበት፤
እሱ ደግሞ ሲጮሁበት ያስገባዋል።
ግዌንሊያን አልጮኸችም።
መዳፏን ዘርግታ ቆመች፣
ካልሲዋ እስኪርስ፣
አንሃራድ ጣሳውን አጥሩ ላይ እስክታስቀምጥ።

ማንም ሳያዘው፣ ቀስ ብሎ አንድ ቀንድ አወጣ፤
ሁለተኛው ቆይቶ፣ ከካፊያው ጋር መጣ።