እማኝ

ዊኒፔግ፣ የካቲት፤ ከፖርቴጅ ማዶ
መኪናው ተደርድሯል፣ ገመድ ካፉ ወርዶ
ሞተሩ እንዳይሞት መብራት እየጠባ።
በረዶ አራግፌ ሦስተኛ ፎቅ ስገባ
ጠረጴዛ፣ ውሃ፣ የማይከፈት መስኮት፣
ለተከራይ እሮሮ የሃያ ደቂቃ ችሎት።

ወይዘሮ አመለወርቅ፣ የምድር ቤት ተከራይ፣
እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ እንዳይታይ፣
«ሳያንኳኳ ይገባል፤ ቁልፍ አለው ለራሱ፤
አንድ ቀን ከሻወር ስወጣ፣ ቆሟል እሱ፤
ቧንቧ ልጠግን ይላል። ቧንቧው ደህና ነበር።»
ቆም አለች። «ከዚህ በላይ ምን ብዬ ልናገር?
ይቀፈኛል። ኮቴውን ከደረጃው ስሰማ
ገላዬን ይወርረኛል፣ በቀንም በጨለማ።»

ሚስተር ሃርግሬቭ ሰዓቱን ያያል።
«ይተርጉሙት» አሉኝ ዳኛዋ፣ ብዕር አንሥተው።

ይቀፈኛል። የቱን ልስጣት? የቱ ነው አቻው?
‹ሄት› አለ፤ ሕፃን ለጎመን የሚያወጣው፣
ካፍ ወዳፍ ሲዞር ስለቱ የዶለዶመ።
‹ሎዝ› አለ፤ ምላሴ ጥርሴ መሃል ገብቶ ቆመ።
‹አብሆር› አለ፤ ሥሩ ጠጉር ቆሞ መሸሽ፤
ይህ ነበር ልክሽ፣ እቴ፤ ምነው በቀደመልሽ።
የቀደመው ግን ‹ዲቴስት›። አልሁት። ተጻፈ።
ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የእኔ ድርሻ አለፈ።

«ምስክር አላት?» አሉ።
«ምስክር አለዎት?» አልሁ።
«ከምድር ቤት ማን ያያል? እግዜር ይመስክርበት!»
ይህንንም አቀበልሁ፣ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር።
ከወረቀቱ ግርጌ፣ «ምስክር፦ የለም» የሚል መስመር።

ማታ መዝገበ ቃላት ከፈትሁ፣ እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ፤
‹ዲቴስት› ይላል፦ ከላቲን፤ ውስጡ የተኛው እማኝ።
ጥንት ሰው ክፉ ሲያይ፣ ከመራቁ አስቀድሞ
አምላኩን እማኝ ጠርቶ ይራገማል ቆሞ።
ከዚያ እርግማን ነው የተረፈው ይሄ ቃል፣
እማኙን በሆዱ ይዞ አገር ላገር ዞሯል።

ሴትየዋ እንግዲህ አንዱን ነገር ሁለቴ አለችው፣
አንዴ በእኔ አፍ፣ አንዴ በራሷ፤
ሁለቱንም ጊዜ ማንም አልቆጠረላት።
እኔም አላወቅሁም። ባውቅስ? መሐላ አለብኝ፤
ከተባለው በላይ ፊደል አልጨምርም።
ጠረጴዛው ሥር የእጇን መንቀጥቀጥ ያየሁ እኔ ነኝ፤
ያስተርጓሚ ዓይን ግን ከመዝገብ አይገባም።

ቅዳሜ ብረታ ብረት መደብር አገኘኋት፤
ያሥራ አራት ዶላር መቀርቀሪያ ይዛለች።
«ከውስጥ ነው የሚዘጋው» አለች፣
በጣቷ ገፋ መለስ እያረገች።
የሚተረጎም አልነበረውም።
«ብሎኑ አራት ነው።
ካቻቢቴ አለህ?»