እርማት በሐረጎ መንገድ

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አፌን ለኳስ አከራይቼ፣
እነሱ በእግር ሲሮጡ፣ እኔ በጉሮሮ ዘምቼ፣
ጡረታ ወጣሁ በሐምሌ፦ አንድ ሰዓት፣ አንድ ወረቀት፣
አንድ ኬክ፣ ስሜ በክሬም፣ "አራጋው" የሚለው "ጋ" ወድቆበት።
ሳቅሁ።
ስም መሳሳትን እኔ አውቀዋለሁና።

ጓዜን ይዤ ደሴ ገባሁ፤ ጦሳ እንደ ድሮው ተጋርዶ፣
ጉሙ ከአዝዋ ሽቅብ፣ እስከ ፒያሳ ተሰድዶ።
መልኬን የሚያውቅ የለም፤ አፌን ስከፍት ነው የሚደነግጡት፦
ብርቱካን ሻጩ "ድምፅህ!" ብሎ፣ በቆመበት ቀረ፣
ሚዛኑን ትቶ ሲያየኝ፣ በብርቱካን ላይ ብርቱካን ጨመረ።

ግን አንዲት ጎል አለችብኝ፣ ያልተከፈለች ዕዳ፣
ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ፣ እዚሁ ሆጤ ሜዳ።
ካሜራው አንድ ብቻ፣ ብርሃኑም አንሶ፣
ጉም እንደ ልማዱ መጣ፣ የሜዳውን ግማሽ አልብሶ።
"ክቡራን ተመልካቾች፣ ኳስ ከቀኝ ትሻማለች...
ከፍ... ከፍ ብላ... በግንባር..."
መረቡ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ የመታውን አላየሁም።
ማይክሮፎን ዝምታ አይወድም፣ "አላውቅም" አይባልበትም።
"ከድር!" አልኩ። ለምን ከድር? አፌ ላይ ቀድሞ እሱ ነበር።
ሀገር ሁሉ "ከድር" አለ፤ ከድርም "እኔ" አለ ሲውል ሲያድር።
በዚያች ጎል ሥራ አገኘ፣ በዚያች ጎል ሚስት አገባ፣
ሸዋ በር ሱቅ ከፈተ፣ ስሙን በቀይ አስቀባ።

በሦስተኛው ቀን ፊልሙን ሳይ፣ ጀርባው ላይ ስምንት ቁጥር።
"እርማት እናንብብ" አልኩ። አለቃዬ "ተላልፏል" አለ፣ "ይቅር።"

ሙሄ አሰን፣ ክር ፈታይ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፤
ንጋት ላይ ከፋብሪካ ወጣ፣ ጎሉን ይዞ ብቻውን ተኛ።

ባለፈው ማክሰኞ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ።
"መልሴን አልሰጠኸኝም" አልኩት ረዳቱን፣ ሐረጎን ልንጀምር ስንል።
አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ዞረ፤
ዓይኑ ፊቴን አልፎ ጉሮሮዬ ላይ አረፈ።
"አንተ ነህ" አለ።
"እኔ ነኝ።"
"ሙሄ እባላለሁ። ስምንት ቁጥር።"

ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ ለጥፋተኛ የተሠራ ይመስላል፤
በአንዱ ዙር የኮምቦልቻን ቆርቆሮ ያሳይሃል፣ በሌላው ይከልላል።
ይቅርታ ልል ፈለግሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ንግግር፣
ያንን ቃል አልተለማመድኩትም ነበር።
እሱ ግን የመድኃኒት ፌስታሉን አስተካክሎ፣ "አብሽር" አለኝ፣
"ኳሷ ግንባሬን ስትነካ የተሰማኝን፣ ከድር አልወሰደብኝ።
ብቻ ባለቤቴ... 'ቴሌቪዥን ይዋሻል?' ትለኛለች።
ሠላሳ ስድስት ዓመት። አሁን ቤት አለች።"

ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ አፌ ሥር ደቀነው።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ረዳቱ ብር መቁጠሩን ተወ።

"ክብርት ተመልካች...
ሰባ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ሆጤ ሜዳ፣ ጉም ነው፣
ከቀኝ ትሻማለች... ከፍ... በግንባር...
ሙሄ! ሙሄ አሰን! ቁጥር ስምንት!
ጎ———ል!"

ከኋላ ያሉ ተማሪዎች "ጎል!" አሉ፣ ማን ከማን እንደሚጫወት ሳያውቁ።
ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።
በስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ምንም።
ከዚያ የሴት ድምፅ፦
"እስካሁን ምን ሲል ቆየ?"
ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦
"ስትመጣ ሽንኩርት ያዝ።"

ፋብሪካው በር ላይ ወረደ፤ ትከሻው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ፣
ፌስታሉን ወንበር ላይ ረስቶት፣ ልጆቹ በመስኮት ሰጡት።

"ፋዘር፣ መልስ" አለኝ ረዳቱ።
እጄን ዘረጋሁ። ድምፄ የለም።